በርበሬ ውስጥ የተደበቀ ቀለም በአንድ ደቂቃ፦ የወረቀት ስፕሬይ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ደረጃ በደረጃ

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ትንንሽ ቱቦዎች ቆመዋል። በአንደኛው ውስጥ ራሴ ከዛላ ቀንጥሼ የፈጨሁት የማረቆ በርበሬ አሴቶኒትራይል በሚባል ማሟሟያ ፈሳሽ ተዘፍዝፏል። በሁለተኛው ውስጥ ያው በርበሬ አለ፤ እሱ ላይ ግን በኪሎ 5 ሚሊግራም ሂሳብ ሱዳን 1 የሚባል የኢንዱስትሪ ቀለም ጨምሬበታለሁ። መስኮት ላይ ይዤ ሳያቸው ሁለቱም ያው ብርቱካንማ ቀይ ናቸው። በርበሬ በተፈጥሮው ካፕሳንቲንን የመሳሰሉ ቀይ ቀለሞች ስላሉት ዓይን እዚህ ላይ ምስክር አይሆንም። ማስ ስፔክትሮሜትር፣ ማለትም ሞለኪውሎችን በክብደታቸው የሚለይ ማሽን፣ ግን ልዩነቱን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ያወጣዋል፤ ያውም ናሙናው በኮለም (ውህዶችን ከመመርመራቸው በፊት በሚለያይ ቱቦ) ውስጥ ሳያልፍ፣ ባለሦስት ማዕዘን ወረቀት ላይ ጠብ ተደርጎ ብቻ።

ደቂቃው ግን የማሽኑ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የናሙና አወሳሰድና የብላንክ (ቀለም የሌለበት ማነጻጸሪያ በርበሬ) ዝግጅት ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ ውጤቱ የሚታመነው ወይም የማይታመነውም እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ይህን ስጽፍ ስለ ማሽኑ ባጭሩ፣ ከማሽኑ በፊት ስላለው ሥራ ደግሞ በረጅሙ እሄዳለሁ። የጻፍኩት ባለሦስት ኳድሩፖል ማስ ስፔክትሮሜትር መጠቀም ለሚችሉ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና ተመራቂ ተማሪዎች ነው።

የምንፈልገው ምንድን ነው?

ሱዳን 1፣ 2፣ 3 እና 4 በዘይት የሚሟሟ፣ በውሃ የማይሟሟ ሰው ሠራሽ ቀለሞች ናቸው። (ጎረቤታችን ሱዳን በዚህ ጉዳይ የለችበትም፤ ስም ብቻ ነው።) የተሠሩት ለሰም፣ ለዘይት፣ ለጫማና ለወለል ቀለም ነው። ምግብ ውስጥ እንዲገቡ አይፈቀድም። የቆየ ወይም ፀሐይ ያነጣው በርበሬ አዲስ እንዲመስል የሚፈልግ ሰው ግን ይጠቀምባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳይ ውስጥ ከውጭ በገባ የበርበሬ ምርት ላይ ሱዳን 1 ከተገኘ በኋላ፣ የአውሮፓ ኅብረት በርበሬ አስመጪዎች ከዚህ ቀለም ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያቀርቡ አዘዘ። በ2005 ደግሞ እንግሊዝ ውስጥ ቀለሙ ያለበት የበርበሬ ዱቄት የገባበት አንድ የሶስ ምርት ወደ ሌሎች ምግቦች ተዳርሶ፣ ከ400 በላይ የምግብ ዓይነቶች ከመደርደሪያ ተነሡ። ከአዲስ አበባ ወደ አውሮፓ በርበሬ የሚልክ ሰው ዛሬም ስለዚህ ቀለም የሚጠየቀው ከዚያ ታሪክ የተነሣ ነው። በአውሮፓ ላብራቶሪዎች ዘንድ እርምጃ የሚያስወስደው መጠን በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ነው፤ እኛም ይህን ቁጥር እንደ ዒላማ እንይዛለን።

የወረቀት ስፕሬይ ዘዴን እ.ኤ.አ. በ2010 ያስተዋወቁት በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነ ግራሃም ኩክስ ቡድን ናቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ናሙና የነካ ባለሦስት ማዕዘን ወረቀት በፈሳሽ ይርሳል፣ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይለቀቅበታል፣ ከሹል ጫፉ የሚረጨው ደቃቅ ጤዛ አዮኖችን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል የያዙ ሞለኪውሎችን፣ ይዞ ወደ ማሽኑ ይገባል። ወረቀቱ ራሱ ቆሻሻውን በከፊል ስለሚያስቀር እንደ ማጣሪያም ያገለግላል።

ደረጃ 1፦ ናሙና መውሰድ

ቀለም የተጨመረበት በርበሬ እኩል አይቀላቀልም። በአካፋ የተገላበጠ ክምር ውስጥ አንዱ ጥግ ብዙ ቀለም ይይዛል፣ ሌላው ምንም። ከማዳበሪያው አፍ አንድ ማንኪያ አንስቶ መሮጥ ማሽኑን ማታለል ነው።

ከእያንዳንዱ ማዳበሪያ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ውሰዱ። ታቹ ካልተደረሰበት ማዳበሪያውን ገልብጣችሁ አፍስሱ፤ ነጋዴው ቢያጉረመርምም። በድምሩ ግማሽ ኪሎ ያህል ይሁን። ንጹሕ ወረቀት ላይ ከምራችሁ ደጋግማችሁ አገላብጡ፣ ጠፍጠፍ አድርጉት፣ በመስቀል ቅርጽ አራት ቦታ ክፈሉት። ተቃራኒ የሆኑትን ሁለቱን ያዙ፣ ሁለቱን ወደ ጎን አድርጉ። የያዛችሁትን እንደገና ደባልቃችሁ እንደገና ክፈሉ፤ 60 ግራም ገደማ እስኪቀር። ይህን በቡና መፍጫ እንደገና አልሙትና በደቃቅ ወንፊት ንፉት። ከዚያ ሁለት ቦታ አካፍሉ፤ አንዱን ለሥራ፣ ሌላውን አሽጋችሁ፣ ቀንና ቦታ ጽፋችሁ፣ ብርሃን በማይነካው ቦታ አስቀምጡ። ነገ ክርክር ቢነሣ የሚያስታርቃችሁ ያ ሁለተኛው ከረጢት ነው።

ከረጢቱ ላይ የምትጽፉበትን ነገር አስተውሉ። በዘይት የሚሟሟ ቀለም ያለበት ቀይ ማርከር ከናሙናው አጠገብ አይድረስ። በእርሳስ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ብላንክ፣ ማለትም ንጹሕነቱን የምታውቁት በርበሬ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። በንጹሕ አሴቶኒትራይል ብቻ የተሠራ ካሊብሬሽን (መጠናቸው በሚታወቅ ናሙናዎች የማሽኑን ምልክት ወደ መጠን መተርጎሚያ) በርበሬ ላይ አይሠራም፤ በርበሬው ውስጥ ያለው ዘይት፣ ስኳርና ጨው የቀለሙን አዮን ስለሚያፍነው ምልክቱ ይወርዳል፣ እናንተም ካለው ያነሰ ቁጥር ትጽፋላችሁ። ስለዚህ ስታንዳርዱ፣ ማለትም መጠኑ የሚታወቀው ቀለም፣ ራሱ በርበሬ ውስጥ መሠራት አለበት፤ ለዚያም ከቀለም ነፃ መሆኑ የተረጋገጠ በርበሬ ያስፈልጋል።

እናቴ ዱቄት በርበሬ ገዝታ አታውቅም። ዛላውን ጆሮዋ አጠገብ ታንኮሻኩሸዋለች፣ አንዱን ሰንጥቃ ውስጡን ታያለች፣ ሻጋታ ካለ ትተወዋለች። ብላንክም እንዲሁ ይሠራል፦ ዛላ ገዝታችሁ፣ ቀንጥሳችሁ፣ በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ በራሳችሁ መፍጫ ፍጩ። ወፍጮ ቤት አትውሰዱት። ከእናንተ በፊት የተፈጨው የማን በርበሬ እንደነበር አታውቁም፤ ወፍጮው ደግሞ የቀደመውን ሳይተፋ የሚቀጥለውን አይቀበልም። ከወፍጮ ቤት የተመለሰ ሽሮ በርበሬ በርበሬ ሲል ያልቀመሰ የለም።

የምትመረምሩት ድልህ ወይም ቅመም የገባበት የወጥ በርበሬ ከሆነ ብላንኩም እንደዚያው ይሁን። ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ በሶብላውን፣ ነጭ ሽንኩርቱንና በተለይ ጨውን ጨምሩበት። ጨው ለምን እንደሚያስቸግር ወደታች እመለስበታለሁ።

እኔ የመጀመሪያውን ብላንክ ስሠራ ምልክቱ ዜሮ መሆን ሲገባው ቁልጭ ብሎ ታየ። ዛላውን ተጠራጠርኩ፣ ነጋዴውን ተጠራጠርኩ፣ ወረቀቱንም ጠረጠርኩ። ጥፋቱ የራሴ ነበር፦ የስታንዳርዱን ዱቄት የዛቅሁበትን ማንኪያ ጠርጌ ብላንኩን ዝቄበታለሁ። መጥረግ አይበቃም። የስታንዳርድና የናሙና ዕቃ ለየብቻ፣ ቢቻል በተለያየ ክፍል ይሁን።

ደረጃ 3፦ ማውጣት

ጓንት አድርጉና አየር ሳቢ ባለው ሳጥን ውስጥ ሥሩ፤ አሴቶኒትራይል መርዛማ ነው፣ የሱዳን ቀለሞችም በእጅ የሚነኩ አይደሉም።

1 ግራም በርበሬ በ15 ሚሊሊትር ቱቦ መዝኑ። መጀመሪያ የውስጥ ስታንዳርዱን፣ ማለትም ሁሉም ናሙና ውስጥ እኩል የሚገባውን ማነጻጸሪያ፣ ጨምሩ፦ አምስት ሃይድሮጅኖቹ በዲዩቴሪየም (በከባድ ሃይድሮጅን) የተተኩ ሱዳን 1፣ በሚሊሊትር 20 ማይክሮግራም ካለው ድፍድፍ 50 ማይክሮሊትር። ይህ 1 ማይክሮግራም ማለት ነው፤ በኪሎ 1 ሚሊግራም እንደማለት። ፈሳሹ በርበሬው ውስጥ እንዲሰርግ አሥር ደቂቃ ተውት። ከዚያ 10 ሚሊሊትር አሴቶኒትራይል አድርጋችሁ አምስት ደቂቃ በኃይል ነቅንቁ፣ አምስት ደቂቃ ሴንትሪፊውጅ አድርጉ። ከላይ የጠለለውን 1 ሚሊሊትር ወደ ትንሽ ጠርሙስ ውሰዱ። ማውጣቱ በዚህ አለቀ።

ሂሳቡን እንየው፤ አቅማችሁን ታውቁበታላችሁ። በኪሎ 0.5 ሚሊግራም ቀለም ያለበት በርበሬ በ1 ግራሙ ውስጥ 0.5 ማይክሮግራም አለው። በ10 ሚሊሊትር ሲበተን በሚሊሊትር 50 ናኖግራም ይሆናል። ከዚያ 5 ማይክሮሊትር ወረቀት ላይ ስታንጠባጥቡ ወረቀቱ የያዘው 0.25 ናኖግራም ነው። ማሽናችሁ ይህን በግልጽ ካላየ ዘዴው ለእናንተ ገና አልሠራም ማለት ነው።

ለካሊብሬሽን ብላንኩን አምስት ቱቦ ላይ 1 ግራም 1 ግራም መዝናችሁ በ0.5፣ 1፣ 2፣ 5 እና 10 ሚሊግራም በኪሎ ሂሳብ ሱዳን 1 ጨምሩ። ለምሳሌ ለ5 ሚሊግራሙ፣ በሚሊሊትር 100 ማይክሮግራም ካለው 50 ማይክሮሊትር ነው። አንድ ብላንክ ያለ ቀለም፣ የውስጥ ስታንዳርድ ብቻ ጨምራችሁ ያዙ። ዲዩቴሪየም ያለበት ስታንዳርድ ትንሽ ያልተተካ ሱዳን 1 ሊኖርበት ስለሚችል፣ ይህ ብላንክ ያንን ያጋልጥላችኋል።

ስለ ጨው

በአንድ ወቅት ከአሴቶኒትራይል ይልቅ ውሃ የተቀላቀለበት ሜታኖል ሞከርኩ፤ ርካሽ ስለሆነ ነው። ቅመም ያልገባበት በርበሬ ላይ ያስኬድ ነበር። ጨው የገባበትን ሳስቀምጥ ግን የካፕሳይሲን፣ በርበሬን የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ምልክት ማሽኑ ከሚያነበው የአዮን ክብደት 306 ላይ ጠፋ። ማቃጠሉን በምላሴ አረጋግጬ የነበረ በርበሬ ነው! ስፔክትረሙን ዘርግቼ ሳየው 328 ላይ ረጅም ምሰሶ ቆሟል። የ22 ልዩነት ሶዲየም ነው፦ ፕሮቶን ይዞ መምጣት የነበረበት ሞለኪውል ሶዲየም ይዞ መጣ። ሱዳን 1ም እንዲሁ ከ249 ወደ 271 ይሸሻል፣ እኛ 249ን ብቻ እያየን «የለም» እንላለን። አሴቶኒትራይል የምግብ ጨውን እምብዛም ስለማያሟሟ አብዛኛው ጨው ቱቦው ታች ከደቃው ጋር ይቀራል። ውድ ቢሆንም በሱ ላይ አትቆጥቡ።

ደረጃ 4፦ ወረቀቱ

የክሮማቶግራፊ ወረቀት፣ ዋትማን ቁጥር 1 ይበቃል። መሠረቱ 5፣ ቁመቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን በስለታም መቀስ ቁረጡ። ጫፉ ከተቦጨቀ ጣሉት፤ ቃጫ የወጣበት ጫፍ ሁለትና ሦስት ቦታ ይረጫል፣ ምልክቱም ይዘላል። የተቆረጡትን ሜታኖል ውስጥ አጥባችሁ በንጹሕ ፎይል ላይ አድርቁ። ከዚህ በኋላ በጣት አይነኩም፤ በወረንጦ ብቻ።

ከጠለለው 5 ማይክሮሊትር በሁለት ጠብታ የወረቀቱ መሐል ላይ አድርጉና ይድረቅ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ሁሉም ወረቀት ላይ እኩል ቦታ ይሁን፤ አንዴ ከጫፉ አጠገብ፣ አንዴ ከመሠረቱ አጠገብ ካንጠባጠባችሁ ቀለሙ ወደ ጫፍ የሚደርስበት ጊዜ ይለያያል።

ደረጃ 5፦ ማሽኑ ላይ

የማሽኑ የተለመደ የስፕሬይ ቤት ተነሥቶ የወረቀት መያዣ ይገባል። ብዙ ማሽኖች ቤቱ ሲነሣ ቮልቱን የሚያቋርጥ መከላከያ አላቸው። እሱን በራሳችሁ ብልሃት አትለፉት፤ የማሽኑን መሐንዲስ ጠይቁ። የምንናገረው ስለ 4,000 ቮልት ነው፣ አጠገቡ ደግሞ የሚቀጣጠል ፈሳሽ አለ።

ወረቀቱን በመሠረቱ በኩል በብረት ክሊፕ ያዙት። ጫፉ ከማሽኑ መግቢያ ትይዩ፣ 5 ሚሊሜትር ያህል ራቅ ብሎ ይቁም። 0.1 ከመቶ ፎርሚክ አሲድ ያለበት ሜታኖል 15 ማይክሮሊትር አድርጉ፣ ወረቀቱ እንደራሰ ቮልቱን ክፈቱ፤ ከ3,500 ጀምራችሁ እስከ 4,500። የመግቢያው ሙቀት 270 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን። ሠላሳ ሰከንድ መዝግቡ፣ ቮልቱን ዝጉ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ወረቀቱን ንኩ።

ማሽኑ እንዲከታተል የምታዙት የክብደት ጥንዶች እነዚህ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁጥር የሙሉው አዮን፣ ሁለተኛው ሲሰበር የሚወጣው ስባሪ ክብደት ነው። ሱዳን 1፦ ከ249 ወደ 93 እና ወደ 156። ሱዳን 2፦ ከ277 ወደ 121 እና ወደ 156። ሱዳን 3፦ ከ353 ወደ 197 እና ወደ 156። ሱዳን 4፦ ከ381 ወደ 224 እና ወደ 91። የውስጥ ስታንዳርዱ፦ ከ254 ወደ 98። በአንድ ጥንድ ብቻ አትወስኑ፤ ኮለም ስለሌለ በርበሬ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንዴ ነው የሚገባው፣ 249 የሚመዝን ሌላ ነገር መኖሩ አይቀርም። የመሰባበር ኃይሉን በንጹሕ ስታንዳርድ እያንዳንዱ ማሽን ላይ ለይታችሁ አስተካክሉ።

በዚህ ላይ አንድ ጥንድ ጨምሩ፦ ከ306 ወደ 137። ይህ ካፕሳይሲን ነው፣ የሚያቃጥለው። ማንም አይጨምረውም፣ በርበሬ ከሆነ ግን አለ። እሱ ከጠፋ ወረቀቱ አልረጨም ወይም ቦታውን ስቷል፤ «ቀለም የለም» የሚለው ውጤትም ዋጋ የለውም። በርበሬ የራሱን ምስክር ይዞ ይመጣል።

ምልክቱ ከዘለለ መጀመሪያ የጫፉን ርቀት አስተካክሉ። ክፍሉ ጨለም ሲል ጫፉ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ ቮልቱ በዝቷል ወይም ወረቀቱ ቀርቧል፤ አየሩን ነው የምታቃጥሉት። ምልክቱ ጀምሮ ቶሎ ከሞተ ወረቀቱ ደርቋል፤ ሌላ 10 ማይክሮሊትር ጨምሩ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ባዶ ወረቀት፣ ብላንክ፣ ካሊብሬሽን ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው፣ እንደገና ብላንክ፣ ከዚያ ናሙናዎች፤ እያንዳንዱ ናሙና በሦስት ወረቀት። ሁለተኛው ብላንክ ላይ ቀለም ከታየ መግቢያው ተበክሏል። ሃያ ሠላሳ ወረቀት ካለፈ በኋላም መግቢያውን በሜታኖል በራሰ ጨርቅ መጥረግ ልማድ ይሁን፤ የበርበሬ ዘይት እዚያ ላይ ሙጫ ይሆናል።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን ማንበብ

የሱዳን 1ን የምልክት ስፋት ለውስጥ ስታንዳርዱ አካፍሉ። ወረቀት ከወረቀት አይመሳሰልም፤ አንዱ በደንብ ይረጫል፣ ሌላው ያስላል። ሁለቱ ሞለኪውሎች ግን አብረው ስለሚወጡ ንጽጽራቸው ይጸናል።

ለምሳሌ የካሊብሬሽን መስመራችሁ ተዳፋቱ 0.95፣ መነሻው 0.05 ሆነ እንበል። የአንድ ናሙና ሦስት ወረቀቶች 2.1፣ 1.8 እና 2.4 ሰጡ። አማካዩ 2.1 ነው፤ 0.05 ቀንሳችሁ ለ0.95 ስታካፍሉ በኪሎ 2.2 ሚሊግራም ገደማ ይመጣል። የሦስቱ መበታተን 14 ከመቶ ነው፤ ለወረቀት ስፕሬይ ክፉ አይደለም። ከዚያ የሁለቱን ጥንዶች ንጽጽር፣ 156ን በ93፣ ከስታንዳርዱ ጋር አስተያዩ። ልዩነቱ ከ30 ከመቶ ከበለጠ ያ ነገር ሱዳን 1 ብቻ አይደለም ወይም ጭራሽ አይደለም።

የቁጥሩ ትልቅነትም ይናገራል። በርበሬ ለማድመቅ ብሎ ቀለም የሚጨምር ሰው በኪሎ አንድ ሚሊግራም አይጨምርም፤ ለዓይን ምንም አይለውጥለትም። ዝቅተኛ ቁጥር ሲገኝ ብዙ ጊዜ የተበከለ መፍጫ፣ የተበከለ ማዳበሪያ ወይም የራሳችሁ ላብራቶሪ ነው የሚጠረጠረው። ስለዚህ ነጋዴ ከመወንጀላችሁ በፊት ከታሸገው ሁለተኛ ከረጢት እንደገና ሥሩ፤ እንደገናም ከታየ ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትር ጋር ወዳለው ላብራቶሪ ላኩት። የወረቀት ስፕሬይ የሚያበጥር ወንፊት ነው፤ የፍርድ ቤት ማስረጃ የሚሆነው ያኛው ነው። በነገራችን ላይ እዚያ ሱዳን 3 እና 4 ብርሃን ከነካቸው ቅርጻቸው ስለሚለዋወጥ አንዱ ቀለም ሁለት ጫፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልላችሁ ላኩ።

ዘዴውን በይፋ ከመጠቀማችሁ በፊት 0.5 ሚሊግራም የተጨመረበት ብላንክ ሃያ ጊዜ ሥሩ። ቢያንስ 19ኙ ላይ መታየት አለበት። ካልታየ ዒላማችሁን ወደ 1 ከፍ አድርጉ፣ ይህንንም በግልጽ ጻፉ።

የማያየው

አፍላቶክሲንን፣ ማለትም የሻጋታ መርዝን፣ በዚህ መንገድ አትፈልጉ። የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የፈቀደው የአፍላቶክሲን ቢ1 ጣሪያ በኪሎ 5 ማይክሮግራም ነው፤ ከሱዳን 1 ዒላማችን መቶ እጥፍ ያነሰ። ለእሱ ማጥሪያና ኮለም ያስፈልጋል።

የተፈጨ ጡብና ቀይ አፈርም አይታይም፤ ማዕድን ከወረቀት ላይ አይረጭም፣ በአሴቶኒትራይልም አይሟሟም፤ ቱቦው ታች ይቀራል። እዚህ ላይ ውድ ማሽን ከተራ ምድጃ ያንሳል፦ በርበሬውን በ550 ዲግሪ አመድ አድርጉት፣ አመዱን በ10 ከመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አፍሉት፣ ሳይሟሟ የቀረውን አጣርታችሁ መዝኑ። ከዛላ የሠራችሁትን ብላንክ ጎን ለጎን አብራችሁ አቃጥሉ፤ አፈር ያለበት ወዲያው ይለያል።

ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ «በርበሬው ንጹሕ ነው» ብላችሁ አትፈርሙ። የምትጽፉት እንዲህ ነው፦ «በዚህ ናሙና ውስጥ ሱዳን 1፣ 2፣ 3 እና 4 በኪሎ ከ0.5 ሚሊግራም በላይ አልታዩም፤ አፍላቶክሲንና ባዕድ ማዕድን አልተመረመረም።»